የሐምዛ ሞተር መጋዝ

ሐጂ ጀይላን የሟች ልጃቸውን ሞተር መጋዝ በጆንያ ጠቅልለው፣ ከገጠር መንደራቸው ከድሬ ጠያራ ተነሥተው፣ ከተማ ኤረር በር አጠገብ ወደሚገኘው የለገሠ ጋራዥ አመጡት። ልጃቸው ሐምዛ ከአራት ወር በፊት ሲቆርጠው የነበረው ባሕር ዛፍ ወድቆበት ነው የሞተው።

«ገዢ አግኝቻለሁ፤ እንዲነሳ ብቻ አድርግልኝ» አሉት።

ለገሠ ሐምዛን ያውቀው ስለነበር ሥራው ከበደው። ቢሆንም ሰንሰለቱን በሞረድ ሳለ፤ የሚሽከረከርበትን ረጅም ብረት ከብናኝ ጠረገና የላላውን ሰንሰለት ወጠረ። ካርቡሬተሩን ፈቶ አጥቦ መለሰው። ገመዱን ሲስበው ሞተሩ ተነሳ። ሐጂ ድምፁን ሲሰሙ ፊታቸውን በፎጣቸው ሸፈኑ።

የነዳጅ መስጫውን ካልተጫኑት፣ ሞተሩ ቢነሳም ሰንሰለቱ መቆም ነበረበት፤ እሱ ግን ይዞራል። ለገሠ የሞተሩን ፍጥነት የሚቀንሰውንና የሚጨምረውን የካርቡሬተሩን ትንሽ ቪቴ በካቻቪቴ ወደ ግራ ሲያላላው ሰንሰለቱ ቆመ። ወዲያው ሞተሩ ጮኸና እንደገና ዞረ። ደግሞ አላላው፤ ደግሞ ዞረ። በሦስተኛው ካቻቪቴውን አስቀምጦ ጎንበስ ብሎ ተመለከተ። ቪቴው ማንም ሳይነካው ቀስ እያለ ወደ ቀኝ ይጠብቅ ነበር።

«ሐጂ፣ ኧረ ይህን ይዩልኝ!»

ሐጂ አጠገቡ ተንበርክከው አዩ። አልደነገጡም። እንባቸው በጢማቸው ላይ እየወረደ እጃቸውን በሞተሩ ላይ አሳረፉ።

«ሐምዛ፣ በቃ ልጄ። አልሸጠውም፤ ወላሂ አልሸጠውም።»

ቪቴው ቆመ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ግራ መመለስ ጀመረ።