የንጋቱ አክታ

ሰኞ ጠዋት ሸህ እንድሪስ የሚስታቸውን አክታ ከጨፋ ሮቢት ይዘው ከሚሴ ክሊኒክ መጡ። የመጀመሪያውን ናሙና ሚስታቸው ዙቤይዳ ቅዳሜ ለት ራሷ መጥታ ሰጥታለች፤ ሁለተኛው ንጋት ላይ ስትነቃ የምትስለው ይሁን ያለቻቸው የላብራቶሪ ባለሙያዋ ጀነት ናት።

ጀነት አክታውን መስታወት ላይ ቀባች፤ ሲደርቅ በእሳት አሳለፈችው። ቀይ ቀለም አፍስሳ በአሲድ አጠበችው፤ ሰማያዊ ደገመችበት። በማይክሮስኮፑ ቀያይ ዘንጎች ታዩዋት።

«አብሽሩ ሸህ፣ ቲቢ ነው፤ መድኃኒት አለው። ምነው ዘገዩ?»

«ትናንት ቀበርናት፣ ልጄ።»

ጀነት የአክታውን ዕቃ አነሳች። «ታዲያ ይሄ የማን ነው?»

«የሷው ነው። ዛሬ ንጋት ላይ፣ እንዳልሽው ስትነቃ ሳለችው። ሦስተኛውን እዚሁ ትስጥ ብለሽ የለ? ይዣት መጥቻለሁ።»

ከበረንዳው ሳል ተሰማ፤ ያው የቅዳሜው ሳል።