የቧንቧው ሳሙና

የትምህርት ቤቱ የጽዳት ክበብ አሥራ ሁለት ሴት ልጆች አሉት። መሪያቸው «ዳኛዋ» ትባላለች፤ በሰው ጠብ ሳትፈርድ አታልፍም። ምክትሏ ደግሞ «ሹክሹክታ» ናት። ድምጿ ሦስት ክፍል አልፎ ስለሚሰማ ነው ስሙ የወጣላት።

ለትንንሾቹ ተማሪዎች የእጅ መታጠቢያ ያሠሩት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። አንድ ወር ሙሉ የቢሮ በር ሲያንኳኩ ከርመው፣ አራት አፍ ያለው ቧንቧ ተጠገነ፤ ከጎኑም የሳሙና ሳህን ተቀመጠ። አሥር ሳሙና ከየቤታቸው አዋጡ። ዳኛዋ ቆጣቢ ናት፤ እያንዳንዱን በቢላ ለሁለት ከፈለችው። እነሱ ቤት አምስት ሰው በግማሽ ሳሙና አሥር ቀን ይታጠባል። በዚህ ስሌት ሳሙናው እስከ ዓመቱ መጨረሻ ይበቃል።

ሰኞ ጠዋት አንድ ግማሽ አስቀመጡ። ከሰዓት በኋላ የለም። ማክሰኞ ሌላ አስቀመጡ። እሱም የለም።

«ሳህኑን እዪው» አለች ሹክሹክታ፤ ግቢው በሙሉ ሰማ። «እርጥብ ነው። ሌባው ሰርቆ ሲያበቃ ዕቃ አጥቦልን ይሄዳል።»

«ንጽሕና የሚወድ ሌባ ነዋ» አለች ዳኛዋ። ዓይኗ ወደ በሩ ሄደ።

በሩ ላይ ጋሼ ዘበኛው ተቀምጠዋል። የሸሚዛቸው አንገትጌ ከሩቅ ያበራል። ጥቁር ቦርሳቸው ከብብታቸው አይለይም። የትንንሾቹ እረፍት ትልልቆቹ ክፍል ውስጥ ሳሉ ነው፤ በዚያ ሰዓት ግቢው ውስጥ ያሉት ትልቅ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

ርዕሰ መምህሩ ነገሩን ሲሰሙ አልገረማቸውም። «እኔማ ብያለሁ። እዚህ ሁለት መቶ ሕፃን አለ፤ አንዱም እናቱ አባርራ ካልያዘችው ውሃ አይነካም። ሳሙናው ለጌጥ ነው የተቀመጠው፤ ጌጥ ደግሞ ይሰረቃል። እስከ ዓርብ የወሰደውን ሰው ስም አምጡልኝ። አለዚያ ቧንቧውን አዘጋዋለሁ።»

ከቢሮው ሲወጡ የአንደኛ ክፍል አስተማሪዋ አስቆመቻቸው። «የኔ እመቤቶች፣ ያ ቧንቧችሁ ያፈሳል እንዴ? የልጆቹ ደብተር ሁሉ ረጥቦ ነው የሚመጣው።»

«እናየዋለን፣ ቲቸር። አሁን ከባድ ምርመራ ላይ ነን» አለች ዳኛዋ።

ረቡዕ ሦስተኛው ግማሽም ሲጠፋ ዳኛዋ ደብተሯን ይዛ በሩ ጋ ሄደች።

«ጋሼ፣ ሸሚዝዎ እንዴት ነው እንዲህ የሚነጣው?»

«ባለቤቴን ጠይቂያት። እኔ ልብስ ልጠብ ካልኩ ጨርቅ ትገድላለህ ትለኛለች።»

«በትንንሾቹ እረፍት ቧንቧው ጋ ምን ይሠራሉ?»

«እገላግላለኋ። ይጋፋሉ።»

«በምን ይጋፋሉ?»

«ልጅ መጋፊያ አጥቶ ያውቃል? ምነው፣ ፖሊስ ጣቢያ ተቀጠርሽ እንዴ?»

ዳኛዋ ደብተሯ ላይ «ሰበብ» ብላ ጻፈች። ከሥሩም ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።

ለርዕሰ መምህሩ የሚሰጠው ደብዳቤ ዓርብን ሳይጠብቅ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ተጽፎ አለቀ። የጋሼን ስም ለመጻፍ ብቻ አንድ ክፍት መስመር ቀርቷል።

«ከሥራ ቢያባርሯቸውስ?» አለች ሹክሹክታ። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው የተናገረችው። «ጥርሳችን በወለቀ ቁጥር በርሽን ዝጊ እያሉ ሲቀልዱብን ነው ያደግነው እኮ።»

ዳኛዋ እስክሪብቶዋን ክዳኑ ውስጥ መለሰችው። «በዓይኔ ሳላይ አልጽፍም።»

ሐሙስ ዕለት ከሒሳብ አስተማሪው ፈቃድ ለምና፣ ቧንቧው ፊት ለፊት ያለው ዕቃ ቤት ውስጥ ተደበቀች። ከመጥረጊያና ከተሰበረ ወንበር መሃል፣ በመስኮቱ ስንጥቅ ሳህኑ ወለል ብሎ ይታያል። አራተኛው ግማሽ ሳሙና እዚያው ነው። ደብዳቤውን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች።

ደወሉ ተደወለ። ጋሼ ከወንበራቸው ተነሡ። ቦርሳቸውን ብብታቸው ሥር ሸጎጥ አድርገው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ ቀጥ ብለው ወደ ቧንቧው መጡ። ዳኛዋ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ እስክሪብቶዋን ከፈተች።

ጋሼ ዱላቸውን አጋድመው ሰልፉን ያዙ፤ ሳሙናውም ከመዳፍ ወደ መዳፍ እየተላለፈ፣ ዳኛዋ መቶ ስድሳ አንደኛውን ልጅ ስትቆጥር፣ አንዲት ጥርሷ የወለቀ ሚጢጢ ልጅ ጣቶች መሃል አረፋ ሆኖ አለቀ።