ማንኪያ እንኳ አትንካ

ጌታው አባቱ በሞቱ በአሥራ አንደኛው ቀን ከባሕር ማዶ መጣ። ጌታው የሚለውን ስም ያወጣችለት ታላቅ እህቱ ነች፤ በልጅነቱ ከተቀመጠበት ሳይነሳ ውኃ አምጡልኝ ስለሚል። ለትምህርት ብሎ ከሄደ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ጠባዩ ግን ያው ነው።

ቤት ሲገባ ሁለት እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ ነበር። እህቱ እያለቀሰች ስታቅፈው እንኳ አላወጣቸውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመነሳቱ በፊት አንድ ጠበቃ በስልክ አማክሯል። ጠበቃው፣ ወራሽ ሀብት ብቻ ሳይሆን ዕዳም ይወርሳል፣ ካልፈለገ ግን ውርሱን አልቀበልም ብሎ መፈረም ይችላል አለው። ከመፈረሙ በፊት ከሟች ንብረት አንዳች ነገር ከወሰደ እንደተቀበለ ይቆጠርበታል። "ማንኪያ እንኳ አትንካ" ብሎ ቀለደበት። ጌታው ደግሞ ቀልድ የሚባል ነገር አይገባውም።

ዕዳ መኖሩን የነገረችው ራሷ እህቱ ነች። "ዕዳም አለ፤ ስትመጣ ወረቀቱን ታየዋለህ" ነው ያለችው፣ ሌላ የለም። እሱ ከዚህች ተነስቶ አንድ ሙሉ ሴራ ፈተለ። ይህን ሁሉ ዘመን አባቷን ስታስታምም የኖረች ሴት የቤቱን እኩሌታ ዝም ብላ አትሰጠኝም፤ ዕዳውን ልታሸክመኝ ነው አለ በሆዱ።

አባትየው መጽሐፍ ጠራዥ ነበሩ። የፊት ለፊቱ ክፍል እንደተዉት ነው፤ መጽሐፍ የሚታመቅበት የብረት መጫኛው፣ የሙጫው ጣሳ፣ ሰም የተቀባ ክር፣ ጀርባቸው ያልተለጠፈ አራት መዝገቦች። በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸውም ሥራ አላቆሙም። ጎረቤቱ ስስት ነው ይላቸው ነበር፤ ልጃቸውም ዓይኑን በጨው አጥቦ እንደዚያው ይላል።

እህቱ ምሳ አቀረበች። ሆቴል በልቼ መጣሁ አላት። ወንበር ስትስብለት፣ ቆሞ ማውራት ለወገብ ጥሩ ነው አለ። የአባታቸውን ካፖርት አውጥታ ያንተ ነው ብለው ያስቀመጡት ነው፣ ለካው ስትለው ግን ፊቱ አመድ መሰለ፤ ወደ ኋላ ሲሸሽ ክርኑ ከመጫኛው ጋር ተጋጨ። በክርን መንካትም እንደ መውሰድ ይቆጠር እንደሆነ ለጠበቃው መልእክት ላከ። ጠበቃው አልመለሰለትም።

በመጣ በሦስተኛው ቀን የቁጠባና ብድር ማኅበሩ ሠራተኛ ወፍራም ማኅደር ታቅፋ መጣች። ከእህትየው ጋር በር ላይ ቆመው ሲንሾካሾኩ አየ። ሴትዮዋ ወደ እሱ ዞር አለችና ከንፈሯን መጠጠች። ነቃሁባችሁ አለ ጌታው፤ እጆቹን ይበልጥ ወደ ታች ሰደዳቸው።

እህቱ ማኅደሩን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለት።

"አንብበው። እኔ ብነግርህ አታምነኝም።"

"አላነብም።"

"አንድ ገጽ ብቻ።"

"ካነበብኩ አወቅኩ፤ ካወቅኩ ተቀበልኩ ማለት ነው" አለ። ይህ በየትኛው ሕግ እንደተጻፈ እግዜር ይወቀው።

ስለ ኑዛዜው ልታስረዳው ሞከረች። ቤቱ ይሸጥ፣ መጀመሪያ ዕዳው ይዘጋ፣ የተረፈውን እኩል ተካፈሉ ብለዋል፤ ደግሞም ብዙ ይተርፋል አለችው። ብዙ ይተርፋል ስትል ጭራሽ ባሰበት። የሚተርፍ ከሆነማ ምን ቆርጧት ነው እኔን የምትለማመጠኝ አለና ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ወጣ።

በማግሥቱ ሰነድ አረጋጋጩ ዘንድ ተገናኙ። ሰነድ አረጋጋጩ ረጋ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ውርሱን አልቀበልም የሚለውን ጽሑፍ አንብበውለት ይበቃዎታል ወይ ቢሉት፣ አይበቃም አለ። "በኑዛዜው ከሚገኝ ከማንኛውም ጥቅም ጭምር" የሚል እንዲጨመርበት አዘዘ። እንዲህ ያለ ብልህ ሰው ጠበቃ ለምን እንደሚያስፈልገው እንጃ።

"ማኅደሩን አይተውታል?" አሉት ሽማግሌው። "ከተፈረመ በኋላ መመለሻ የለውም።"

"ማየት አያስፈልገኝም።"

"ወንድሜ፣ በእናታችን" አለች እህቱ። "አንዴ ብቻ እየው።"

ጌታው እጁን ከኪሱ አወጣ፤ በራሱ እስክሪብቶ ፈረመ። እህቱ አለቀሰች። ወጥመዷ ስለከሸፈባት ነው ብሎ ደስ አለው፤ እንዲያውም ሊስቅ ትንሽ ነው የቀረው።

ኮሪደሩ ላይ የዓመት ደግነቱ ሁሉ በአንዴ መጣበት። እህቱን ለመጀመሪያ ጊዜ በሁለት እጁ አቀፋት፤ ቤቱ ይባረክልሽ፣ ዕዳውን ደግሞ አምላክ ያቅልልሽ አላት። እሷ ቀና ብላ አላየችውም።

አግዳሚ ወንበሩ ላይ ስትጠብቃቸው የነበረችው የማኅበሩ ሠራተኛ ተነሳች። እህትየውን አልፋ መጣችና ማኅደሩን ለጌታው ዘረጋችለት።

"ከእሷ ጋር ጨርሺ" አላት በትዕግሥት። "ወራሿ እሷ ነች።"

"አባትዎ ሲከፍሉ የኖሩት በዋስነት ነው፤ ዋስትናው ከእሳቸው ጋር አብቅቷል" አለችው ሠራተኛዋ። "የትምህርት ብድሩ ተበዳሪ እኮ እርስዎ ነዎት።"