የሲስተር አልጋነሽ ወፍ

ሲስተር አልጋነሽ ሽንኩርት ስትከትፍ ጣቷን ክፉኛ ቆረጠችና ደሟን ፈዝዛ ታይ ጀመረች።

"ስመኝ! ምን ይደረጋል?" ብላ ልጇን ጠራች።

ሠላሳ ስምንት ዓመት ነርስ ነበረች። ዛሬ ዛሬ የነርስ ተማሪ መጽሐፍ አያጠናም፤ ጡረታ ከሚወጣ ነርስ ጭንቅላት እውቀቱ ተወስዶ ይሰጠዋል፣ ለሰጪው ግን ቅንጣት አይተርፍለትም። እሷም ባለፈው ሳምንት "ለባዳ ከሚሆን ለልጄ ይሁን" ብላ ፈርማ፣ እውቀቷ ወደ ስመኝ ተላልፏል።

ስመኝ ቁስሉን አየችው፤ መሰፋት አለበት። ከእናቷ አሮጌ የሥራ ቦርሳ ማደንዘዣ አውጥታ በመርፌ ቀዳች። ከዚያ በፊት ማንንም ወግታ አታውቅም፣ እጇ ግን ንቅንቅ አላለም። እናቷ መርፌውን ስታይ ደንግጣ እጇን ሸሸገች።

ይሄኔ ስመኝ ሳታስበው አንድ ነገር ከአፏ አመለጣት። እናቷ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ፣ ራሷን ስመኝንም ሳይቀር፣ እያታለለች የወጋችበት ቃል ነው።

"ውይ፣ ያቺን ወፍ እያት! መስኮቱ ላይ!"

እናቷ ዞር አለች። መርፌው ገብቶ ወጣ።

"አለቀ እኮ፣ እማዬ" አለች ስመኝ እንባዋን እየዋጠች።

እናቷ ግን አንገቷን አስግጋ ባዶውን መስኮት እንደቃኘች ነበር።

"የታለች ልጄ? እኔ እኮ አላየኋትም።"