የተጣለው ምንጣፍ

ሐኪሙ «ፕላስቲክ የሚያለሰልሰው ኬሚካል የልጅቷን ሰውነት ሳያስቆጣው አይቀርም» ቢላት፣ ልብስ ሰፊዋ አምና ካውያዋ ወድቆ ያቃጠለውን አበባማ የፕላስቲክ ምንጣፍ ከቤቷ አውጥታ ጣለች። ባሏም «እሰይ፣ ግልግል!» አለ። የልጃቸው ማሳከክ ግን ጭራሽ ብሶ ቁጭ!

ዛሬ ቅባት ልትቀባት ልብሷን ብታወልቅላት፣ ጀርባዋ ላይ የወጣው ሽፍታ አበባ በአበባ ሆኗል። «ዓይኔ ነው የሚያታልለኝ» ብላ ራሷን አጽናናች። ከአበቦቹ መሀል ግን ያ ጫፉ ሹል የሆነ የካውያ ጠባሳ ቁልጭ ብሎ ታያት።

ባሏ መስኮት ሊከፍት በባዶው ሲሚንቶ ላይ ተራመደ። ልጅቱ አልጋዋ ላይ እንደተኛች በየእርምጃው ተሸማቀቀች።

«አባዬ» አለች በደከመ ድምፅ፣ «ስትረግጠኝ ጫማህን አውልቅ።»