ሰባት ደብዳቤ

«እባክዎ ይፈርሙልኝ» አለ የኮምፒውተር ባለሙያው ለሰባተኛ ጊዜ። «የመሥሪያ ቤታችን መረጃ ሁሉ የተቀመጠባቸው ቨርቹዋል ሰርቨሮች በሙሉ ያሉት አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ቅጂያቸው በየቀኑ ወደ አዳማ ቅርንጫፍ ካልተላከ፣ እሳት የተነሳ ቀን ባዶ እጃችንን እንቀራለን።»

ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤውን ሳያነቡ ወደ ጎን ገፉት። «አንተ ሰውዬ፣ አታሟርትብን አላልኩህም?»

ጥርሱን ነክሶ ወጣ። ደብዳቤውም እንደ ስድስቱ ሁሉ መዝገብ ቤት ተወረወረ።

በሳምንቱ የሰርቨር ክፍሉ ከነመረጃው ነደደ።

መርማሪ ፖሊሱ ከመዝገብ ቤት ያስመጣቸውን ሰባት ደብዳቤዎች ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። «ፊርማው ያንተ ነው?»

«የኔ ነው!» አለ ባለሙያው፤ በመጨረሻ የሚሰማው ሰው ያገኘ መስሎት። «ስንት ጊዜ ለመንኳቸው!»

«እሱንማ ሥራ አስኪያጁም መስክረዋል» አለ መርማሪው ብዕሩን እያነሳ። «እንግዲህ እንደሚቃጠል በምን እንዳወቅክ ንገረኝ።»