አቤት ያሉት ሴትዮ

ይህ ወሬ ውሸት ከሆነ ምላሴ ይቆረጥ! ግራና ከተማ ላይ ከጦርነቱ ለሸሹ ሰዎች ዱቄት ስናድል ነው። ጓደኛዬ ናጅዋ ከዝርዝሩ ስም ትጠራለች፤ እኔ አውራ ጣታቸውን ቀለም እያስነካሁ አስፈርማለሁ።

በመጨረሻ «ዘርፌ ጓንጉል!» ብላ ጮኸች። ሳቄን አፈንኩ።

«አቤት ልጄ» አሉ አንዲት አሮጊት፣ ከወረፋው ኋላ ብቅ ብለው። ሳቄ ቀጥ አለ። ጣታቸውን ስይዘው እንደ ወንዝ ድንጋይ ይቀዘቅዛል።

«ዱቄቱን አንተው ቤቴ ታደርስልኛለህ» አሉኝ፣ እጄን ሳይለቁ። «ስሜን ካወቅህ ቤቴም አይጠፋህም።»

«ያ አላህ! ምን ይገትርሃል? ተሸከምላቸው እንጂ!» አለች ናጅዋ።

እሺ፣ አንዲት ነገር ከራሴ ፈጥሬያለሁ፤ የሴትዮዋን ስም። ናጅዋ የሌለ ሰው ስትጣራ ልስቅባት ብዬ፣ ያን ዕለት ጠዋት ዝርዝሩ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ።